የሐሙሷ መካከለኛ መስመር

የኔታ ስሜነህ ከዚህ ዓለም ድካም ያረፉት ሞጣ፣ በእኅታቸው ልጅ በወይዘሮ ባንቺአምላክ ቤት ነው። እኔ የሰማሁት ከተቀበሩ ከአሥራ ሰባት ቀን በኋላ ነው። ስልክ ተቋርጦ ነበር፤ መንገዱም ዝግ ነበር። ዜናው ሲደርሰኝ ጋምቤላ፣ በምሠራበት መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ቆሜያለሁ።

«ልጄ፣ የኔታ አረፉ» አሉኝ ወይዘሮ ባንቺአምላክ።

«እሺ» አልኳቸው።

ስልኩን ዘግቼ ከፊቴ ለቆመችው እናት የልጇን ሽሮፕ ሰጠኋት። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ ብዬ፣ ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። ቤቴ ስገባ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩ። ያዘነ ሰው እንዲህ ያደርጋል ብዬ ነው እንጂ እንባስ አልመጣም። ይህን እስከምጽፍበት ቀን ድረስም አልመጣም። ለቅሶ ልደርስ ያልቻልኩትን ሰው በምን ልሸኘው ብዬ ሳስብ፣ የማውቀውን መጻፍ ይሻላል አልኩ።

በቢቸናም በሞጣም፣ ከእግራቸው ሥር ተቀምጣችሁ ጸሎት በቃላችሁ የያዛችሁ ሁሉ ታውቋቸዋላችሁ። ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። የኔታ ገና ልጅ ሳሉ ኩፍኝ ዐይናቸውን ወስዶባቸዋል፤ ፊደል አይተው አያውቁም። ግን የሰባቱን ቀን ጸሎት ከሰኞ እስከ እሑድ ሞጣ ላይ ከመምህራቸው አፍ በጆሯቸው ተቀብለው፣ ቢቸና ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ወይራው ሥር ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አርባ ዓመት አስተምረዋል። እኔ ተማሪያቸው አልነበርኩም። ዐይናቸው ነበርኩ።

ቤታችን ከግቢው አጥር ጋር ይዋሰናል። ትምህርት ቤት የምገባው ከሰዓት በኋላ ስለ ነበር፣ ጠዋት ጠዋት አባቴ «ሂጂ፣ ለየኔታ መጽሐፉን ያዢላቸው» እያለ ይልከኛል። ሥራዬ ተማሪው በቃሉ ሲል በመጽሐፉ መከተል፣ ሲሳሳት ጉሮሮዬን መጥረግ ነበር። አንድ ጊዜ እህ ስል የኔታ እጃቸውን ያነሣሉ፤ ተማሪው ጸጥ ይላል።

ሲያስተምሩ ከመጨረሻው ነው የሚጀምሩት። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ያስይዙና ከእሷ በፊት ያለችውን ይጨምራሉ፤ ከዚያም ከዚያች በፊት ያለችውን። «ከላይ የጀመረ ሰው በሄደ ቁጥር አገሩ ይጠፋበታል። ከታች የጀመረ ግን በሄደ ቁጥር ወደሚያውቀው ቤት ይገባል» ይሉ ነበር። ያዝኩ ያለውን ተማሪ ጀሪካን አሸክመው ወደ ምንጭ ይልኩታል፤ ጓደኞቹ እየተከተሉ ያሾፉበታል። በመንገድ ጸሎቱን ሳይደናቀፍ ብሎ ከተመለሰ ያቺ ክፍል የእሱ ናት። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ሕግ ነበራቸው፦ «ቃሉ ከጠፋህ ዝም በል። በግምት የሞላ ሰው የሐሰት ምስክር ነው። ዝም ካልክ የሚያውቅ ይሰጥሃል።» የጠፋውን ቃል እሳቸው ይሰጡና «ቀጥል» ይላሉ። ቁጣ የለም፣ አለንጋ የለም። «ቀጥል» ብቻ።

አንዲት ጠላ ሻጭ ነበረች። ልጇ ከዐረብ አገር ደብዳቤ ላከላት፤ እሷ ማንበብ አትችልም። አንባቢ ፍለጋ ሰው ደጅ መጥናት ሲሰለቻት የኔታ ዘንድ መጣች። እኔ አነበብኩ፣ እሳቸው አስያዟት፤ እንደ ልማዳቸው ከመጨረሻው ጀምረው። ሴትዮዋ ትንሽ ሞክራ ቆመችና «ኧረ የኔታ! ደኅና ሁኚ እያለኝ ነው። ገና ሳይመጣ ተሰናበተኝ እኮ!» አለቻቸው። እሳቸውም እየሣቁ «ታገሽ አንች፤ እጅ መንሣቱ ወደኋላ ነው» አሏት። በሦስተኛው ቀን ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች በቃሏ ይዛ ሄደች። ጠላ ስትቀዳ ለራሷ ስትለው ሰምቻታለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። በጸሎቱ ውስጥ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በአንድ ዐይነት ቃል የሚያበቁበት ቦታ አለ። የኔታ «መንታ» ይሏቸዋል። ምላስ ከመጀመሪያው መንታ ዘልሎ ከሁለተኛው ማዶ ያርፋል፤ ሰውየው መዝለሉን እንኳ አያውቅም። ስለዚህ ለመጀመሪያው ግራ ጉልበትን፣ ለሁለተኛው ቀኝ ጉልበትን ማስነካት ከመምህራቸው የወረሱት ዘዴ ነበር። «ምላስ ይረሳል፣ ጉልበት ግን ይመሰክራል።» እኔም እስከ ዛሬ ካርቶናቸው የሚመሳሰሉ መድኃኒቶችን አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ መደርደሪያ ነው የማስቀምጠው።

ሐሙስ ላይ ግን በአንድ ቃል የሚያበቁት ሦስት ናቸው። ለሦስቱ ሁለት ጉልበት አልበቃም። የኔታ ግራውን ነክተው፣ ቀኙን ነክተው ያልፋሉ፤ መካከለኛዋ መስመር ትቀራለች። ይህን በመጽሐፉ ላይ ያየሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ጉሮሮዬን መጥረግ ነበረብኝ። አፈርኩ። የኔታ ላይ እንዴት ይጠረጋል? ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲያ የተማረ ሁሉ ያችን መስመር ሳይዝ ሄደ።

ለመጨረሻ ጊዜ ዓባይን ተሻግሬ አገሬ ለፋሲካ ስገባ ነገርኳቸው።

«የኔታ፣ ሐሙስ ላይ አንዲት መስመር ትጎድላለች።»

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?»

«ከአሥራ አምስት ዓመቴ።»

«አሁን ስንት ሞላሽ?»

«ሠላሳ አንድ።»

«አንች ልጅ! ዐይን እንዲህ ይጨክናል? ለእኔ ስታፍሪ ስንቱን ሰው አጎደልሽ።» ከዚያ በትራቸውን ፈልገው ተነሡ። «በይ ነገ ሞጣ ውሰጂኝ። ስሕተቱ የመምህሬ እንደሆነ፣ የኔ እንደሆነ ማወቅ አለብኝ።»

ሞጣ የሄድነው አብሯቸው የተማሩት መርጌታ አየነው ዘንድ ነው። መርጌታ ጆሯቸው ደክሟል። የኔታ ጮኸው ሐሙስን እንዲሉላቸው ለመኗቸው። መርጌታ አሉ። ግራ ጉልበታቸውን ነኩ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፣ ቀኝ ጉልበታቸውን ነኩ። መካከለኛዋ መስመር በቦታዋ ነበረች።

«ይህችን መቼ ተማርካት?» አሉ የኔታ።

«አብረን ነዋ! አንተ ያን ቀን ቆሎ ስትቆረጥም ነበር!» አሉና ሣቁ። «ዕውሩ የዘለላትን ደንቆሮው ያዛት። ይህንን ለማንም እንዳትነግሩ፣ የጎጃም ሰው መሣቂያ ያደርገናል።»

የኔታ አልሣቁም። አማተቡና «ተመስገን፤ ስሕተቱ የኔ ነው። የመምህሬ አይደለም» አሉ። ከዚያ ዕለት በቀር ፊታቸው እንዲያ በርቶ አይቼው አላውቅም።

ቢቸና ስንመለስ ተማሪዎቹን ሰበሰቡ። ከድንጋያቸው ወርደው መሬት ተቀመጡ። «ጎዶሎ አስተምሬያችኋለሁ፤ ይቅር በሉኝ» አሉ፤ የመርጌታን አደራረግ ነግሬያቸው ስለ ነበር፣ መካከለኛዋን እጅ ደረት ላይ እያስደረጉ አስያዟቸው። ወጥተው ለሄዱትም ለያንዳንዱ ስልክ አስደወሉ። ይህን ከምታነቡት መካከል ያ ስልክ የደረሳችሁ አላችሁ፤ «መምህርህ ነኝ፣ ሐሙስን አስተካክል» ያሏችሁ።

ሌላው ሁሉ ተስተካከለ። የእሳቸው ምላስ ግን እምቢ አለ። አርባ ዓመት የሄደበትን መንገድ እንዴት ይተው? እኔ ወደ ጋምቤላ ተመልሼ ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት በስልክ መጽሐፉን እይዝላቸው ነበር። እዚያች ቦታ ሲደርሱ ይዘላሉ፤ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፤ «አዬ ስሜነህ!» ብለው ራሳቸውን ይወቅሱና እንደገና ይጀምራሉ። እስከ መጨረሻው ስልካችን ድረስ አንድ ጊዜም በራሳቸው አልቆሙባትም። ከዚያ ታመው ሞጣ ገቡ። ከዚያ ስልኩ ጠፋ።

ወይዘሮ ባንቺአምላክን «ሲያርፉ እንዴት ነበሩ?» ብዬ የጠየቅኳቸው በሁለተኛው ጥሪያችን ነው። እንዲህ አሉኝ፦

«ሐሙስ ጠዋት ነው። ጸሎታቸውን እያሉ ነበር። መካከል ላይ ጉልበታቸውን ነካ አደረጉና ደረታቸውን ያዙ። ዝም አሉ። ምነው አመመዎት አልኳቸው፣ አይደለም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ውኃ አቀረብኩ፣ አልፈለጉም። እጃቸው ደረታቸው ላይ እንዳለ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው፣ የሆነ ሰው የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። እንደዚያ እንዳሉ ሄዱ። ልባቸው ነው መሰለኝ፣ ልጄ።»

«የቱን ጉልበት ነው የነኩት?» አልኳቸው።

«ምን ያደርግልሻል? የግራውን።»

የኔታ ሆይ፣ ወይዘሮ ባንቺአምላክ አመመዎት ብለው አዝነዋል፤ እኔ ግን አውቄያለሁ። አልዘለሉም። በግምትም አልሞሉም። ቃሉ ጠፋብዎትና፣ እንዳስተማሩን፣ ዝም አሉ። የሚያውቅ ሰው ይሰጠኛል ብለው ጠበቁ። መጽሐፉን የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ ያን ቀን ግን አጠገብዎ አልነበርኩም። አንድ ጊዜ መናገር ሲገባኝ አሥራ ስድስት ዓመት ዝም አልኩብዎት፤ ይህ ሁለተኛዬ ነው።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዙሬ ቆምኩ። እርስዎ እስካቆሙበት ድረስ ጸሎቱን አልኩት። ግራ ጉልበቴን ነካሁ። እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ። መካከለኛዋን መስመር ቃል በቃል፣ ሳልቸኩል፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሰጠሁዎት።

ቀኝ ጉልበቴን አልነካሁም፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ያውቁታል፣ የእርስዎ አገር ነው።

ይቀጥሉ፣ የኔታ።