ሙሉና ጎዶሎ

ሂሳብን በጋሞኛ ጀመርኩ፣ በእንግሊዝኛ ጨረስኩ። በአማርኛ የተማርኩት ገበያ ውስጥና ባጃጅ ላይ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው «እንዴት ይህ ይጠፋታል?» ብሎ የሚስቅብኝ እንዳይኖር ነው፤ እስካሁን የሳቁት ይበቁኛል።

ኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር፣ ኪራይ ቤት ውስጥ ሥራ ስፈልግ ከርሜያለሁ። አባቴ ደጋው ላይ፣ ጨንቻ፣ ሸማኔ ነው። ታናሽ እህቴ ስምንተኛን ጨርሳ እኔ ጋ ወርዳ ልማር ብትለው፣ «እስቲ መጀመሪያ የትልቋን ፍሬ ልይ» አላት። ፍሬው እንግዲህ የእኔ መቀጠር ነው። ከተቀጠርኩ ትመጣለች፤ ካልሆነ እዚያው ጥጥ እየፈተለች ትቀራለች።

አንድ መሥሪያ ቤት አንድ የፕሮግራም ባለሙያ እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። ለአንዲት ቦታ ግቢውን የሞላው ተመራቂ አይነሳ! ብቻ የጽሑፉን ፈተና አልፌ ለተግባር ፈተና ከቀሩት አንዷ ሆንኩ። እህቴ በስልክ እልል አለች፤ እኔም ሞኟ አብሬያት እልል አልኩ።

ጥያቄው የመጣው በአማርኛ ነው፦ «ተጠቃሚው ሙሉ ቁጥር ሲያስገባ የሚቀበል፣ ሌላውን የማይቀበል ፕሮግራም ይጻፉ።» አነበብኩትና በሆዴ ሳቅኩ። ይቺማ ምን አላት! ነዳጅ በጠፋ ጊዜ ባጃጆች በታርጋ ሲሰለፉ «ዛሬ ሙሉ ነው፣ ነገ ጎዶሎ» ሲባባሉ እሰማ አልነበር? ሁለት ሙሉ፣ ሦስት ጎዶሎ። ለሁለት ሲካፈል ቀሪ የሌለውን ተቀበል፣ ቀሪ ያለውን መልስ ብዬ ጻፍኩ። ቁጥሩ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚቀመጥበትን የቦታ መጠን እንኳ ተጨንቄ መርጫለሁ፤ ሾርት ሊጠበው ይችላል፣ ሎንግ ይበዛበታል፣ ኢንት ይሁን አልኩ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ለካስ የፈለጉት ያንኑ ኢንት፣ በሙሉ ስሙ ኢንቲጀር የሚባለውን ኖሯል፤ ነጥብና ክፍልፋይ የሌለበትን ቁጥር ሁሉ፣ ሦስትንም፣ ሰባትንም፣ ከዜሮ በታች ያለውንም። ፈታኙ ሦስትን ሲያስገባ የእኔ ፕሮግራም «አይቻልም» አለው። ወደቅኩ።

ለቅሬታ ሄድኩ። ፈታኙ ክፉ ሰው አይደለም፤ ቢሆን ኖሮ ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር።

«እህቴ፣ ሙሉ ቁጥር ማለት እኮ ኢንቲጀር ነው» አለኝ።

«ታዲያ ኢንቲጀር ብላችሁ አትጽፉትም?»

«የሥራ ቋንቋችን አማርኛ ነው።»

ከጎኑ የተቀመጠችው ባልደረባው ቀና አለችና፣ «ኧረ ኢንቲጀርስ ድፍን ቁጥር ነው የሚባለው። ሙሉ ቁጥር ከዜሮ በታች ያለውን አይጨምርም» አለችው። ድፍን! እኔ ድፍን ሲባል የማውቀው ምስር ነው። ሁለቱ እኔን ረስተው ይከራከሩ ጀመር።

«እናንተስ መች ተስማማችሁ?» አልኩ፤ ድምፄ ሳላስበው ጮኸ።

ፈታኙ አንገቱን ደፋ። «ልክ ነሽ። ግን ሦስትን የተቀበለ ተገኝቶ ትናንት ተቀጥሯል» አለኝ። ልክ ነሽ ተብዬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ጥበቃው አይቶ እንዳላየ ሆነ።

አባቴ ጋ ደወልኩ። በጋሞኛ ነው የምናወራው፤ ያቺን ቃል ግን በአማርኛዋ ነገርኩት፤ ጋቢ ሲሸጥ ከተማ ለከተማ የዞረ ሰው ነውና አማርኛ አይጠፋውም።

«ምን ጠይቀውሽ ነው የወደቅሽው?»

«ሙሉ ቁጥር የቱ ነው አሉኝ።»

«ይህንንማ እኔም አልስተው! ሁለት፣ አራት፣ ስድስት...»

«እኔም እንደዚያው ነው የመለስኩት አባዬ።»

«ታዲያ?»

«ሦስትም ሙሉ ነው አሉኝ።»

እህቴ ከአጠገቡ ሆና «ምን አለች? ምን አለች?» ስትል ይሰማኛል።

«አንቺስ?» አለኝ። «ሦስት ሙሉ ነው ትያለሽ?»

ምን ልበል? ይህን ሁሉ ዓመት የተማርኩትን ልካድ?

«ነው አባዬ» አልኩት።

አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብሎ፣ የታመመ ሰው እንደሚያናግር፣ «በይ ተይው ልጄ» አለኝ። «ሦስትን ሙሉ የሚያስብል ትምህርት ከሆነ አንቺው ትበቂናለሽ። ትንሿ እዚሁ ትቅር።»