ከአባቴ ኪስ የተጠራው ስሜ

ሞጣ የተከራየነው ቤት ግድግዳው ስስ ነው። ሰሞኑን ትምህርት ቤት ስለተዘጋ፣ የጎረቤቴ ልጅ አስተማሪዋ በቴሌግራም የሚልክላትን ትምህርት ጮክ አድርጋ ትከፍታለች። "እሺ፣ ማን ይመልስልኛል?" ይላል ሰውየው። ትናንት የምከትፈውን ሽንኩርት ትቼ ሄድኩና "ድምፁን ቀንሺው!" አልኳት። ልጅቷ ደነገጠች።

በኮሮና ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ከቢቸና ወጣ ብሎ ነው፤ ራዲዮ እንኳ አጥርቶ አይሰማም። ትምህርት ሲዘጋ የሒሳብ አስተማሪያችን መምህር አንዳርጌ ትምህርቱን በስልካቸው እየቀረጹ፣ ገበያ ዳር ዘፈን ለሚጭነው ሱቅ ይሰጡ ጀመር። የስልኩን ሚሞሪ ዘፈን ሊያስሞላ የመጣ ገበሬ የልጁንም ትምህርት ይዞ ይገባል። አባቴም ያመጣልኝ ነበር።

መምህር ክፍል ውስጥ ያለን እንዲመስለን ጥያቄ ይጠይቁና፣ የአንዳችንን ስም ጠርተው ትንሽ ዝም ይላሉ። ከዚያ "ጎበዝ!" ይላሉ። እኔም እሸት ባቄላ እየፈለፈልኩ፣ ዝም ሲሉ ጠብቄ እመልስላቸው ነበር። እንዲያ ደስ ብሎኝ የተማርኩበት ጊዜ የለም።

ያን ክረምት ከሞጣ ሽማግሌ ተልኮ፣ አባቴ "ስምንተኛን ሳትፈተን አልሰጥም" ብሎ መልሷቸዋል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጎረቤቶች ጤፋችንን ሊያርሙልን ወንፈል ወጡ። የአባቴ ስልክ ኮቱ ኪስ ውስጥ ሆኖ ይዘፍናል። ንፍሮና ጠላ ይዤ ስደርስ ዘፈኑ አለቀና የመምህር ድምፅ ስሜን ጠራ።

"ስመኝ፣ አትፍሪ። እየሰማሁሽ ነው።"

የሚያርመው ሰው ሁሉ ቀና አለ። አንዱ "ሙላት፣ አማችህ ደወለ!" ሲል ማሳው ሳቅ በሳቅ ሆነ። አባቴ ግን አልሳቀም። ማታውኑ ሽማግሎቹ እንዲመለሱ ላከባቸው።

"አባየ፣ ትምህርት እኮ ነው!" ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። እናቴ እሳቱን ትቆሰቁሳለች።

መምህር ወሬው ደርሷቸው፣ በዚያ ጭቃ ጭንብላቸውን አጥልቀው መጡ። ቀረጻውን ከጅምሩ እስከ መጨረሻው አሰሙት፤ የክፍሉ ልጅ ሁሉ በየተራ ይጠራል። አባቴ አገጩን በዱላው ላይ አስደግፎ አዳመጠ። የአንዱ ወስላታ ልጅ ስም ሲጠራማ ፈገግ አለ።

"ገባኝ፣ መምህር። ትምህርት ነው" አለ። "የሳቀውን ሰው ሁሉ ቤት ለቤት እየዞሩ ያስረዱልኛል?"

"እዞራለሁ፣ ጋሽ ሙላት።"

"እስኪዞሩ ልጄ ታረጅብኛለች።"

ከዚያ እንጀራ አቀረበላቸው፤ እስከ በሩ ድረስም በክብር ሸኛቸው።

በኮሮና ተሳብቦ ድግስ እንኳ በወጉ አልተደገሰልኝም። ጓደኞቼ ሲፈተኑ እኔ ሞጣ የሰው ቤት ሊጥ አቦካ ነበር። መምህር ከዚያ ወዲያ በቀረጹት ትምህርት የሚጠሩት የወንድ ስም ብቻ ሆነ አሉኝ።

አሁን የልጅ እናት ነኝ። አባቴ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ማር ይዞልኝ ይመጣል፤ እኔም ጉልበቱን እስማለሁ። ሰዎች በድሮ ሰው አይፈረድም፣ አልገባው ሆኖ ነው ይሉኛል። አልገባው ቢሆን ኖሮ ይቅር እለው ነበር። አባቴ ግን ገብቶት ነው የዳረኝ።