ባለጥርሱ ፒንሳ

ከቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ አቃቂ በሚገኝ አንድ የክር ፋብሪካ፣ የኤሌክትሪክ ጥገና ክፍል ተመደብኩ። ክፍሉ ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሌሎቹ ለወራት መሰላል ሲያስይዙኝ፣ «ይህችን ልጅ ለኔ ስጡኝ» ብለው ወደ ሥራ ያስገቡኝ ጋሼ ናቸው። ከካቦው እስከ ዘበኛው ድረስ ስማቸውን የሚጠራ አልነበረም፤ ሁሉም ጋሼ ነበር የሚላቸው። ፋብሪካ ከመግባታቸው በፊት ብዙ ዓመት የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ቤታቸውም ከአቃቂ ጣቢያ ጀርባ ነበር።

መጀመሪያ ያስተማሩኝ የሽቦ ጫፍ ማሰር ነው። ሲያዩት ቀላል ነው። የሽቦው ጫፍ ይላጣል፣ ተርሚናል የምንላት ትንሽ የመዳብ ቆብ ትጠልቅበታለች፣ ከዚያ በመጨመቂያ ፒንሳ ትጫናለች። ግን ሲላጥ አንዲት ክር እንኳ መቆረጥ የለባትም፤ ቆቧ ለሽቦው ልክ መሆን አለባት፤ ፒንሳው አፍ ላይ ካሉት ቀዳዳዎችም የሚስማማው መመረጥ አለበት።

«ጨምቀሽ ስትጨርሺ ጎትቺው» ይሉኝ ነበር። «የሚወጣ ከሆነ እጅሽ ላይ ይውጣ። ሞተሩ እየዞረ ከወጣ ሰው ይጎዳል።»

ሁለት ዓመት ሠርቼ አዳዲስ ማሽኖች ሲገቡ፣ አብረዋቸው ሁለት አዲስ ፒንሳዎች መጡ። በእጀታዎቹ መሃል ጥርስ አላቸው። አንዴ መጨመቅ ከተጀመረ ቀጭ ቀጭ እያለ ይሄዳል፤ እስከ መጨረሻው ካልተጨመቀ አይከፈትም። እጅ መሃል ላይ ቢደክም ተርሚናሉን እንደነከሰ ይቀራል። ጋሼ በያዙት አሮጌ ፒንሳ ግን እጅ ሲደክም መልቀቅ ነው፤ ጠብቆ ይሁን ላልቶ የሚያውቀው ያሰረው ሰው ብቻ ነው።

ካቦው አንዱን ለኔ፣ አንዱን ለጋሼ ሰጠን። እኔ በሁለት እጄ ይዤ ስጨርሰው ደስ አለኝ። ጋሼ የሞከሩት አንድ ቀን ብቻ ነው። ወፍራም ሽቦ አስገብተው ሲጨምቁ መሃል ላይ ቆመባቸው። በሁለት እጃቸው ያዙት። ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ተጫኑት። እምቢ ሲላቸው ጀርባቸውን ሰጡኝና ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ማስለቀቂያ በካቻቢቴ ገፍተው ከፈቱት።

«ይሄ መሣሪያ ሰው አያምንም» አሉና መሳቢያ ውስጥ ወረወሩት።

የድሮ ሰው ኩራት ነው ብዬ ተውኩት።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ የጥጥ ማበጠሪያ ማሽን አጥፍቼ የኤሌክትሪክ ሳጥኑን ከፈትኩ። ፊውዝ ልቀይር ነበር። አንዱን ሽቦ በጣቴ ገፋ ሳደርገው ከተርሚናሉ ወጥቶ እጄ ላይ ቀረ። ጫፉ ጠቁሯል፤ የላስቲክ ልባሱ በሙቀት ተኮማትሯል። ተርሚናሉ ላይ ያለው ምልክት አንድ ጎድጓዳ ነጥብ ነው። ባለጥርሱ ሁለት ጠፍጣፋ መስመር ነው የሚተወው፤ ነጥብ የሚተወው የጋሼ ፒንሳ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እጃቸውን ማየት ጀመርኩ። የፔርሙዛቸውን ክዳን «እስቲ ሞክሪው፣ ጠብቋል» እያሉ ያስከፍቱኛል። የቱታቸውን የላይኛውን ቁልፍ ትተውታል። ሲፈርሙ እስክሪብቶውን በጡጫ ነው የሚይዙት። አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን ደፍሬ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ እጅዎን ያምዎታል እንዴ?»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። እኔው ነኝ ያየሁት።»

«ሥራሽን እዪ።»

ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ያህል ይቀራቸው ነበር። ለካቦው ብናገር የሚያባርሯቸው መሰለኝ። ያባረርኳቸው እኔ ልሆን ነው ብዬም ፈራሁ። ስለዚህ ዝም አልኩ። እሳቸው የሠሩትን ሳጥን ሁሉ በምሳ ሰዓት እየዞርኩ እከፍታለሁ፤ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እጎትታለሁ፤ የላላውን ቆርጬ በባለጥርሱ እንደገና አስራለሁ። ከአንድ ዓመት በላይ እንዲህ አለፈ። አንዳንድ ቀን ራሴን እንደ ጥሩ ሰው እቆጥር ነበር። አንዳንድ ቀን ደግሞ ያጠበቅኩትን ሳጥን ተመልሼ እከፍት ነበር።

ሳሪስ የምትኖረው እናቴ ታማ ሦስት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ። ስመለስ የማበጠሪያው ክፍል ግድግዳ ከወለሉ እስከ ጣሪያው ጥላሸት ሆኗል። ከአንድ ሳጥን ውስጥ የላላ ሽቦ ግሎ፣ ብናኙ እሳት ይዞ፣ ወደ ጥጡ ተዛምቷል። ማሽኑ ላይ የምትሠራው ሴት የሚነደውን ጥጥ በእጇ እየጠረገች ልታጠፋ ስትል ሁለቱም መዳፎቿ ተቃጥለዋል። በዓይን አውቃታለሁ፤ ከኔ ትንሽ ትበልጣለች፤ አባቷ ፋብሪካው ከመሠራቱ በፊት እዚያው አቃቂ የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ። ሳጥኑን የሠሩት ጋሼ ናቸው፤ የሠሩትም እኔ ፈቃድ በወጣሁ ማግስት ነው።

በሳምንቱ አደጋውን የሚያጣራ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ካቦው የተቃጠለውን ተርሚናል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ «ማን ነው ያሰረው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ።

ካቦው ወደ እኔ ዞረ። «ከዚህ በፊት እሳቸው የሠሩት ላልቶ አግኝተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም» አልኩ።

ጋሼ ቀና ብለው ሳያዩኝ፣ «ውሸቷን ነው» አሉ። «ስታጠብቅልኝ ነው የከረመችው። ምልክታችን ይለያያል፤ ሳጥን በከፈትኩ ቁጥር የሷን አያለሁ።»

ያን ሁሉ ጊዜ የደበቅኩላቸው መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን እያወቁ እኔን ተማምነው ይሠሩ ነበር። አፍሬ ይሁን ተናድጄ መለየት አቃተኝ።

ጋሼን ከጥገና አውጥተው ዕቃ ግምጃ ቤት አስቀመጧቸው። እኔም ላይ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፤ እሳቸው ያሰሩትን ሁሉ እየከፈትኩ እንድፈትሽም ታዘዝኩ። አብዛኛው ደህና ነበር። ደህና የሆነውን ባየሁ ቁጥር የባሰ ከፋኝ። አንድ ቀን ተርሚናል ልወስድ ግምጃ ቤቱ መስኮት ጋ ስሄድ መጠየቅ አለብኝ ብዬ ቆምኩ።

«እያወቁ ለምን ዝም አሉ ጋሼ?»

የተርሚናሉን ካርቶን በሁለት መዳፋቸው ይዘው ወደ እኔ ገፉት። «ሌላ ሥራ የለኝማ» አሉ። ቀጥለውም፣ «አንቺስ?» አሉኝ።

ለወሰድኩት ፈርሜ ወጣሁ።

የተቃጠለችውን ሴት ልጠይቅ ቤቷ የሄድኩት ወር ካለፈ በኋላ ነው። እናቷ በኦሮምኛ ሰላም ብለውኝ በረንዳው ላይ በርጩማ አቀረቡልኝ። እሷ መደብ ላይ ተቀምጣለች፤ ሁለት እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ ጭኗ ላይ ነው። እናቷ ከበረንዳው እስኪወጡ ጠበቀች።

«የጋሼ ሥራ እንደሚላላ ታውቂ ነበር ይላሉ። እውነት ነው?»

«አውቅ ነበር» አልኳት።

«እኔ እኮ ወገቤን ሲደክመኝ ያንን ሳጥን ነበር የምደገፈው። በቀን አሥር ጊዜ።» አልጮኸችም። «አጠገቡ አትቁሚ ብትይኝ ምን ነበረበት? ምክንያቱን ባትነግሪኝም።»

ስለ ጋሼ ጡረታ፣ ስለ እናቴ ሕመም፣ ስለ ምሳ ሰዓቱ ሥራ ልነግራት አስቤ ነበር የሄድኩት። አንዱም ከአፌ አልወጣም። «አጠገቡ አትቁሚ» ማለት እንደሚቻል ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም ነበር። የማስበው ስለ ጋሼና ስለ እኔ ብቻ ነበር፤ ሳጥኑ አጠገብ ቆሞ የሚውል ሰው እንዳለ አልታየኝም።

ስድስት ወር ያህል ቆይታ ወደ ሥራ ተመለሰች። መዳፏ እስከ መጨረሻው ስለማይዘረጋ ማሸጊያ ክፍል መደቧት። ጋሼ ያኔ ጡረታ ወጥተው ነበር። ማታ ማታ ከበሩ ውጭ አውቶቡስ ስንጠብቅ ሰልፉ ላይ እንገናኛለን። ሰላም ትለኛለች፤ እናቴን ትጠይቀኛለች። ስንት ጊዜ ይቅርታ ልላት አፌን ከፍቼ፣ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ አብሬ ተንቀሳቅሻለሁ።