ለመዝናናት ወጥተን በጭነት መኪና ተመለስን

ዛሬ ሁለት ብስክሌትና የባለቤቴ ክብር በጭነት መኪና ተጭነው ሞያሌ ገቡ።

የተጋባንበት ቀን ነውና ባለቤቴ «በብስክሌት ቀስ እያልን፣ ፎቶ እያነሳን ከድንበሩ ማዶ፣ ኬንያ ውስጥ ኦዳ ደርሰን እንመለስ» አለኝ። ስጦታ መሆኑ ነው እንግዲህ።

እሱ በየአሥር ሜትሩ ይቆማል። ግመል ያነሳል፣ ግራር ያነሳል፣ ድንጋይ ሳይቀር ያነሳል። እኔን የሚያነሳኝ ግን ዳገት ላይ ብስክሌቱን ስገፋ ብቻ ነው፣ ያውም ከኋላ። ደግሞ «ፈገግ በይ!» ይለኛል። በጀርባዬ?

ውሃ ቀድተው የሚመለሱ ሴቶች በስዋሂሊ «ፖሌ፣ ፖሌ»፣ አይዞሽ እያሉ አጽናኑኝ። ሙሉ ጀሪካን ተሸክመው ለኔ አዘኑልኝ!

በመጨረሻ ከናይሮቢ የሚመለስ አንድ የአገራችን ልጅ፣ የከባድ መኪና ሹፌር፣ አጠገባችን አቆመ።

«ምን ገጠማችሁ?»

«ምንም፣ እየተዝናናን ነው» አለ ባለቤቴ።

ሹፌሩ ፊቴን አየው። «ወንድሜ፣ ችግር አያሳፍርም እኮ። በማንም ላይ ይደርሳል።»

«እውነቴን ነው፣ ፈልገን ነው የወጣነው! አንቺ ንገሪው እንጂ!»

ሁለቱም ወደኔ ዞሩ። የትዳሬ ፈተና ይቺ ነበረች።

«ወንድሜ፣ ብስክሌቶቹን የምናስርበት ገመድ አለህ?» አልኩት።

አሁን ቤት ሆኜ ፎቶዎቹን እያየሁ ነው። ከሁሉም ጥርሴ የሚታይበት አንድ ብቻ ነው፤ ጋቢና ውስጥ ሹፌሩ ያነሳን። አጠገቤ ያኮረፈው ባለቤቴ ነው።

እስቲ አውሩኝ፤ እንደኔ ከመዝናናት በሰው እርዳታ የተረፈ ማን አለ?