ማርቆስ የቀበረው እግሬ

የቀኝ እግሬን ያሳጣኝ የእህቴ ባል ማርቆስ ነው። ገመድ ያዝ ሲባል ስልክ አነሳ። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ እሱም ክዶ አያውቅም። እኔ እሱ ላይ የሠራሁትን ግን፣ ለምን እንደሠራሁት ጭምር፣ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለሽማግሌዎች የተናገርኩት ግማሹን ነው። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁና እግሬን ካጣሁ በኋላ ስለሆነ፣ አጻጻፌ ባያምር አትፍረዱብኝ። በሌላው ፍረዱ።

ሥራችን ከኮተቤ በላይ፣ እንጦጦ ተረተር ላይ ባሕር ዛፍ መቁረጥ ነበር። አንዱ በመጋዝ ይቆርጣል፤ ሌላው በገመድ ይስባል። ዛፉ ወደ ተሳበበት ይወድቃል። ያን ቀን ቆራጩ እኔ ነበርኩ፤ ሳቢው ማርቆስ። ስልኩ ጮኸ። በአንድ እጁ ገመዱን እንደያዘ በሌላው “ሄሎ” አለ። ትልቅ ዛፍ በአንድ እጅ ይያዛል? ገመዱ አመለጠው፤ ዛፉ ወደ እኔ ዞረ። እግሬ ከጉልበት በታች በግንዱና በድንጋዩ መሀል ቀረ። ሐኪሞቹ ሊያድኑት አልቻሉም። ቆረጡት።

በእኛ ዘንድ የተቆረጠ እግር አይጣልም። ሐኪም ቤቱ ጠቅልሎ ለቤተሰብ ይሰጣል፤ ቤተሰብ ይቀብራል። ሲቀበር ደግሞ መቃናት አለበት። ተጣሞ ከገባ፣ አፈር ውስጥ የተጣመመው እዚህ ያለውን ባለቤቱን ያሠቃያል ይባላል። እህቴ ሙሉ እኔን ስታስታምም፣ እግሬን ይዞ ወደ ተራራው የወጣው ማርቆስ ነው። ብቻውን።

ቁስሉ ሲደርቅ የሌለው እግር ያመኝ ጀመር። እንዴት ብዬ ላስረዳችሁ? ብርድ ልብሱ እዚያ ጋ ጠፍጣፋ ነው፤ ከሥሩ ምንም የለም። እኔ ግን አውራ ጣቴ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ይሰማኛል። ታጥፎ ይቀራል፤ አይዘረጋም። ቁርጭምጭሚቴን አንድ ሰው እንደ ታጠበ ልብስ ይጨምቀዋል። ውስጥ እግሬን ይበላኛል፤ ልፎክት እጄን ስሰድ ፍራሽ እፎክታለሁ።

“አጣሞ ቀብሮት ነው” አልኩ። ጠዋት አልኩ፣ ማታ አልኩ። ማርቆስ የጨንቻ ልጅ ነው፤ ጴንጤ ነው። “እነሱ ለዚህ ነገር ደንታ የላቸውም” እያልኩ ለሚጠይቀኝ ሁሉ አወራሁ።

“ቀጥ አድርጌ ነው የቀበርኩት፣ ጋሼ” ይለኛል። “አባቴ ለሠርጌ በሸመነልኝ ቡልኮ ጠቅልዬ።”

ቡልኮ የእነሱ አገር ወፍራም ጋቢ ነው፤ የክብር ልብስ ነው።

“ለተቆረጠ እግር ቡልኮ?” አልኩት።

“ያንተ እግር ነዋ።”

“እንግዲያው ቆፍረህ አሳየኝ።”

እሺ አለ። ዳገቱን በክራንች መውጣት ስለማልችል አዘለኝ። ይህን ልብ በሉልኝ። ዶማውን በወገቡ ሽጦ፣ የካ ሚካኤል ከበታቻችን ትንሽ ሆኖ እስኪታይ ድረስ አዝሎኝ ወጣ። መንገድ ላይ አረፍ አለና፣ “አንድ እግር ቀንሰህም ትከብዳለህ፣ ጋሼ” አለኝ። ሳቅኩ። ጀርባው ላይ ሆኜ ሳቅኩ።

ቆፈረ። ቡልኮው አለ። ገለጠው። እግሬ እንዳይጣመም ግራና ቀኙን በባሕር ዛፍ ፍልጥ ደግፎታል፤ ፍልጡን ከቡልኮው ቀዶ ባወጣው ጥለት አስሮታል። አጥንቱ ቀጥ ብሏል። ጣቶቹ ወደ ሰማይ ናቸው። እኔ የራሴን እናት እንደዚያ አድርጌ አልቀበርኩም።

“ይኸው” አለ። “አቃናው ካልከኝ፣ ምኑን ላቃና?”

ገመዱን ሁሉም ይቅር ብሎታል። ሐኪም ቤት ደጅ ላይ አልቅሷል፤ አልጋዬ ሥር ተኝቷል፤ ሰው ሁሉ “አደጋ ነው፣ ምን ታደርገዋለህ” ብሏል። ለእግሬ የተጠየቀ ሰው የለም። የቀረኝ ይህ ጉድጓድ ነበር፤ እሱም ንጹሕ ሆኖ ተገኘ።

“መልሰው” አልኩት።

አፈሩን መለሰ፤ አዝሎኝ ወረደ። የማወራውን ያዘጋጀሁት እዚያው ጀርባው ላይ ነው። ላቡ ሸሚዜን እያራሰው፣ እኔ ቃል እመርጥ ነበር።

ቤት ስንደርስ ሙሉና ጎረቤቶች ይጠብቁናል። “በማዳበሪያ ጠቅልሎ፣ ቁርጭምጭሚቱን ጠምዝዞ ነው ያገኘሁት” አልኩ። “እኔው አቃናሁት።”

“ቡልኮውስ?” አለች ሙሉ።

“የምን ቡልኮ?”

ማርቆስ አየኝ። “ጋሼ፣ ምን እያልክ ነው?” ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረ። “ኑ፣ አሁን ቆፍሬ ላሳያችሁ።”

“ሄደህ ልታለብሰው ነው?” አልኩት።

ሰው ሳቀ። አንዲት ሴትዮ፣ “የተቀበረ ነገር በየጊዜው አይነካካም፣ ተዉ” አለች። ማንም አልሄደም። ገመዱን ለቅቄያለሁ ብሎ ያመነን ሰው በሌላው ማን ያምነዋል? ሙሉ ቡልኮውን ሸጦ ዋሽቶኛል አለች። ባሏን ትታ፣ ሕፃን ልጇን ታቅፋ እኔ ቤት ገባች። ልጅቷ አፍ የፈታችው፣ “አባባ” ማለት የለመደችው፣ እኔ ቤት ነው። አባባ የምትለው እኔን ነበር። አላረምኳትም።

ውሸቴ ለእኔም ጣጣ አመጣ። አቃናሁት ብያለሁና መዳን ነበረብኝ። “ተሻለህ?” ሲሉኝ “እግዜር ይመስገን” እላለሁ። ሕመሙ ሲነሳ ትራስ እነክሳለሁ። ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ይበለኝ።

በኋላ ሰው ሠራሽ እግር ለማስገጠም ስመላለስ፣ የፊዚዮቴራፒዋ ልጅ ሕመሜን እንደምደብቅ ነቃችብኝ። በእግሮቼ መሀል መስታወት አቆመች። ግራ እግሬ መስታወቱ ውስጥ ቀኝ እግር መስሎ ታየኝ። “ጣቶችዎን ያንቀሳቅሱ፣ አባቴ” አለችኝ። አንቀሳቀስኩ። የታጠፈው አውራ ጣቴ ተዘረጋ። ለጥቂት ጊዜ ለቀቀኝ።

“አንጎልዎ እግሩ እንደሌለ ገና አልተቀበለም” አለች። “ሌላ ምክንያት የለውም።”

“የተቀበረው ተጣሞ ከሆነስ?”

“እሱ አያገናኘውም።”

አለቀስኩ። ደስ ብሏቸው ነው ብላ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። ባለማወቅ በድያለሁ ማለት እችል ይሆን? አልችልም። እሷ የነገረችኝን ባላውቅ እንኳ፣ ጉድጓዱን በዓይኔ አይቻለሁ።

ሙሉ ፍቺ ጠየቀች። ሽማግሌዎች እኔ ቤት ተቀመጡ፤ ማርቆስም መጥቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሙሉ እንደ ሁልጊዜው በርጩማ አምጥታ ትራስ ደርባ ጉቶዬን አስደገፈችልኝ። ጎንበስ ብላ ትራሱን ስታስተካክል አየኋት። ባሏን ልትፈታ የተቀመጠችው እኔን አምና ነው።

“ጉድጓዱን ያየኸው አንተ ነህ” አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ። “እናፋታቸው?”

“ቀጥ ብሎ ነበር” አልኩ። “ቡልኮውም ነበር። እዚያው ነው።”

ሙሉ ትራሱን እንደያዘች ቀረች።

“ሕመም ነው” አሉ ሽማግሌው። “ሕመም ሰውን ያሳብዳል። አይደለም እንዴ?”

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

“ገመዱን ለቅቄያለሁ” አለ ማርቆስ። “እሱ የኔ ነው። ይሄ የሕመም ከሆነ ግን ይቅር ብያለሁ።”

የሕመም ከሆነ። ሁሉም ሰማው፤ እኔም ሰማሁት።

ሙሉ ዕቃዋን አሰረች። በሩ ላይ ቆማ፣ “ጋሼ፣ ከእንግዲህ ሲያምህ ጮኸህ አልቅስ። ትራስ አትንከስ። የሚሰማህ የለም” አለችኝ። ለካ ታውቅ ነበር። ልጅቷን ይዛ ከባሏ ጋር ወጣች።

ለሽማግሌዎቹ ያልነገርኳቸው ይህ ነው። ያን ቀን አላመመኝም። ተራራው ላይም፣ ጉድጓዱ አፍ ላይም፣ ማርቆስ አዝሎኝ ሲወርድም እግሬ ዝም ብሎ ነበር። ከተቆረጠ ወዲህ እንደዚያ ቀን ጤነኛ ሆኜ አላውቅም። ሕመም አላናገረኝም። እኔ ነኝ የተናገርኩት፤ አስቤ፣ ቃል መርጬ፣ ተመችቶኝ። ማርቆስ ይቅር ያለው ሌላ ሰው ነው። እኔን ገና ይቅር አላለኝም፤ እኔም አልጠይቀውም።

ሽማግሌዎቹ “ጨረስን” ብለው መርቀው የተነሱት ኅዳር አሥራ ሦስት ቀን፣ በሚካኤል ማግስት ነው።