ሙልሙል ይዘን ከቡሄ ሸሸን

ስለ ድፍረት ብዙ ሰው ጽፏል። እኔ የምጽፈው ስለ ፍርሃት ነው፤ በተለይ ማታ ማታ መኪና ስለሚነዳ ሰው ፍርሃት። ከሱዳኑ ጦርነት ወዲህ እዚሁ ሱዳን ውስጥ ከገዳሪፍ ወደ ዶካ በሚወስደው አስፋልት ላይ ዘራፊ በዝቷል። ደፋሮቹ መኪናቸውን አስረክበው በእግራቸው ሲመለሱ አይቻለሁ። ፈሪዎቹ እስከ ዛሬ ይነዳሉ። ከፈሪዎቹ ሁሉ የላቀው የእህቴ ባል፣ ጋሼ ነው፤ ለዚህም አከብረዋለሁ።

ባለፈው ነሐሴ፣ በቡሄ ዋዜማ፣ ሦስታችን በእሱ መኪና ከገዳሪፍ ወጣን። ልጃቸው ከዶካ ወዲህ ባለ የሰሊጥ እርሻ ሲያርም ከርሟል፤ እናቱ ከፋሲካ ወዲህ አላየችውም። በማግስቱ ጠዋት እሱና ጓደኞቹ በሀዋታ በኩል ወዳለ ሌላ እርሻ ሊዛወሩ ነው። እዚያ ከገባ መንገዱ በጭቃ ስለሚዘጋ እስከ አጨዳ ድረስ ዓይኑን አታየውም። ስለዚህ ያለን ያች ማታ ብቻ ነበረች። ቀን ልንነሳ አስበን ነበር፤ ዝናቡ ግን የእህቴን ምድጃ አጠፋው። ሙልሙሉ ሳይበስል ንቅንቅ አልልም ስላለች፣ ስንወጣ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር።

ጋሼ ገና ከተማውን ሳንለቅ ሕጉን ያነብልን ጀመር።

«በር ይቆለፋል። መስኮት ከጣት በላይ አይከፈትም። የወደቀ ሰው ብናይ አንቆምም፣ ኬላ ደርሰን እንናገራለን። መስታወቱ ላይ እንቁላል ቢወረውሩ ውሃ አልረጭበትም፣ ጭራሽ ይጋርዳል። መንገዱ ላይ ድንጋይ ከተደረደረ ወርዶ ማንሳት የለም፤ ወደ ኋላ ነው።»

«ጋሼ፣ ገና ከተማ ውስጥ ነን እኮ!»

«ሕግ የሚጠናው ከተማ ውስጥ ነው።»

እኔ የማልስማማበት ነገር ካላገኘሁ መንገድ አይገፋልኝም። ዘራፊ እንቁላል ከየት ያመጣል፣ እንቁላል ቢኖረውስ ጠብሶ አይበላም ወይ ብዬ ተከራከርኩ።

«ተወው፣ እሱ እኔንም ሲያጨኝ ወደ ኋላ እያየ ነው» አለች እህቴ፣ የሙልሙሉን ከረጢት እንደ ሕፃን ታቅፋ በመሃላችን ተቀምጣ።

«ወንድሞችሽ ዱላ ይዘው ቆመው ነበራ!» አለ ጋሼ። ከወንድሞቿ አንዱ እኔ ስለሆንኩ ክርክሩን ተውኩት።

ጨለማው ከያዘን በኋላ ከፊታችን እሳት አየን። አንድ እሳት አይደለም፤ ከግራና ከቀኝ ብዙ ነበልባል ይወዛወዛል። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል። ወዲያው «ጧ!» አለ። «ጧ! ጧ!»

«ሐራሚያ!» ብሎ ጮኸ ጋሼ። ሌቦች ማለቱ ነው፤ ሲደነግጥ ዓረብኛ ይቀናዋል።

ማርሹ ተንቋቋ፤ መኪናዋ ወደ ኋላ በረረች፣ ዞረች፣ የመጣንበትን መንገድ ይዛ ነጎደች። እኔ ያን ጊዜ ከወንበሩ በታች ስለነበርኩ ያየሁት የጋሼን ጫማ ብቻ ነው።

«እየተከተሉን ነው! እየሮጡ ነው!» አለች እህቴ።

«አትዙሪ!»

«ልጄን ሳላየው…» ብላ አቋረጠችው። እስከ ኬላው ድረስ የጋሼ ጫማ ከነዳጅ መስጫው ላይ አልተነሳም።

ኬላው ላይ አንድ በዕድሜ የገፋ ወታደር ሻዩን ይዞ ወደ መኪናችን መጣ።

«ስንት ናቸው?»

«ሃያ» አለ ጋሼ።

«ሠላሳ» አልኩ እኔ፣ ከወንበሩ ሥር እየወጣሁ።

«ተኩሰዋል?»

«እንዴታ! በላያችን ላይ!»

ወታደሩ ባትሪውን ወደ እህቴ ከረጢት አበራ። «ይኼስ ምንድን ነው?»

እህቴ በዓረብኛ ታስረዳው ጀመር። ዳቦ ነው፤ ነገ በዓላችን ነው። ዛሬ ማታ ልጆች ችቦ ያበራሉ፣ ጅራፍ ያጮኻሉ፣ እየጨፈሩ ይመጣሉ፣ እኛ ደግሞ ይህን ዳቦ… ድምፅዋ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ።

«ጅራፉ ሲጮህ እንዴት ነው የሚለው?» አለ ወታደሩ።

እሷ ግን ወደ ባሏ ዞራለች። «አንተ ሰውዬ» አለችው በአማርኛ፣ «ዛሬ ምንድን ነው?»

ሦስታችንም ጎንደር ነው ያደግነው። ጅራፍ ስንገምድ፣ ችቦ ይዘን ስንሮጥ ነው ያደግነው። የቡሄን ዳቦ ታቅፈን፣ በቡሄ ማታ፣ ከቡሄ ሸሸን። ወታደሩ ሻዩን እስኪደፋ ድረስ ሳቀ።

ጋሼ ግን እንደዚያም ሆኖ ብቻውን አልነዳም አለ። ማሽላ የጫነ መኪና እስኪመጣ ጠብቀን ከኋላው ተከተልን። ይህንንም አደንቅለታለሁ፤ ዘራፊ ቡሄ ነው ብሎ በዓል አያከብርም።

ድንጋዩ ጋ ስንደርስ ችቦ የያዘ አንድ ረጅም ጥላ ወደ እኛ ሮጠ። ጋሼ መስኮቱን በጣት ስፋት ዝቅ አደረገ።

«ማነህ?»

«እኔ ነኝ፣ አባ! መታጠፊያውን እንዳታልፉት ብለን እኮ ነው ድንጋይ የደረደርነው!»

«እኔ የሚባል ስንት አለ! ሕፃን ሳለህ ከየትኛው አህያ ላይ ነው የወደቅከው?»

«የወደቅከው አንተ ነህ! እኔማ ቆሜ ስስቅ ነበር!»

«ልጄ ነው» አለ ጋሼ፣ በሩን እየከፈተ። እህቴ ግን ቀድማው በእኔ ላይ ተረማምዳ ወርዳለች። ከረጢቱ ከሁለቱ መሃል ሆኖ፣ የልጇን አንገት ይዛ እያለቀሰች ትስቅ ነበር። ጓደኞቹም ከበውን ግጥሙን እዚያው ፈጥረው ጀመሩ፦

መኪና አለው ባለ አራት እግር፣
ወደ ኋላ የሚሽከረከር!

ያን ሌሊት ሙልሙል እየበላን እርሻው ላይ አደርን፤ በአንድ ማታ ሁለት ጊዜ መንዳት በጋሼ ሕግ ክልክል ነው። ጠዋት ልጆቹን ሊወስድ ትራክተር መጣ። ተሳቢው ላይ ወጥተው ትንሽ ራቅ እንዳሉ የእህቴ ልጅ ለስንብት ጅራፉን አነሳ። «ጧ!»

እህቴ እየሳቀች እጇን አውለበለበች። ጋሼ ሞተሯ ባልተነሳ መኪና ውስጥ ሆኖ ማርሹን ወደ ኋላ አስገብቷል። እኔ ስላላየሁት እህቴ ናት የነገረችኝ፤ ከወንበሩ በታች ነበርኩ።