የእባቡ ሞራ

ሥራዬ እዚህ አሜሪካ፣ ስካይዌይ የሚባል ሰፈር ባለ አንድ ሕንፃ ውስጥ ተከራይ የለቀቀውን ቤት ማጽዳት ነው። ሰው ሲለቅ ምን ምን ጥሎ እንደሚሄድ ባወራ የሚያምነኝ የለም። የሠርግ አልበም አግኝቻለሁ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ አግኝቻለሁ፣ ሻማው ያልወጣለት የልደት ኬክ አግኝቻለሁ። ባለፈው ዓመት ሁዳዴ ሊገባ ሲል ደግሞ እባብ አገኘሁ።

መኝታ ቤቱ ጥግ ላይ በብርድ ልብስ የተሸፈነ የመስታወት ሳጥን ነበር። ብርድ ልብሱን ስገፍፈው የውሃው ሳህን ደርቋል፣ የማሞቂያው አምፖል ተቃጥሏል፣ አንድ ደረቅ እንጨት ሥር ደግሞ የተጨማደደ ነገር ተጠቅልሎ ተኝቷል። የሞተ መሰለኝ። ወዲያው ምላሱን አወጣ። ጩኸቴን ከላይ ያሉት ተከራዮች ሁሉ ሰሙት።

ሳጥኑን ተሸክሜ መኪናዬ ውስጥ ያስገባሁት አዝኜ አይደለም፣ ተናድጄ ነው። የሕንፃው ማናጀር ስደውልለት «ትራሽ አድርጊዋ፣ ጣይው» አለኝ፤ ስለ ፍራሽ የምናወራ ይመስል። የእንስሳት መጠለያው ቦታ የለንም አለ። በመጨረሻ ያገኘኋት የተጣሉ እባቦችን እየሰበሰበች ቤት የምትፈልግላቸው ሴትዮ ናት። እሷም ደረጃዋ ላይ ሳይቀር ሳጥን መደርደሯን ነገረችኝና፣ ቆዳው እስኪስተካከልና መብላት እስኪጀምር ድረስ ብቻ አንቺ ያዥው አለችኝ። እሺ አልኳት። ለምን እሺ እንዳልኩ አሁንም አላውቅም።

ቤቴ ሬኒየር ቢች ነው። ቤቴ ውስጥ ደግሞ እናቴ አለች። ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረች ሦስት ዓመት አልፏታል፤ ሁለቱም ዓይኖቿ ላይ ሞራ አለባት። ሐኪሙ ቀላል ቀዶ ሕክምና ነው፣ በዕለቱ ወደ ቤቷ ትመለሳለች ብሎ ነበር። የመጀመሪያውን ቀጠሮ ጾም ነው ብላ አስቀረችው። ሁለተኛውን መጥፎ ሕልም አይቻለሁ አለች። ለሦስተኛው ክሊኒኩ በር ድረስ ከወሰድኳት በኋላ የመኪናውን ቀበቶ በሁለት እጇ ጨብጣ አልወርድም አለችኝ። በየጊዜው ከሥራ እየቀረሁ የማመላልሳት እኔ ነኝ። «ጠበሌን እየተቀባሁ ነው፤ ደግሞም ደህና አያለሁ» ትላለች። በዚህ ጉዳይ ዓመት ሙሉ ተጨቃጭቀናል፤ የጎረቤት ሰው አማርኛ ቢያውቅ ኖሮ ገብቶ ይገላግለን ነበር።

እባቡን ይዤ ስገባ የሆነውን መናገር አያስፈልግም። ዓይነቱን አልነገርኳትም። ስሙ በእኛ ቋንቋ ዘንዶ ነው፤ እናቴ ደግሞ ዘንዶ የምታውቀው የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ሲረግጠው ነው። «ወይ እሱ ይውጣ ወይ እኔ» አለች። ሬድመንድ ከተማ ያለው ልጄ ጋ እሄዳለሁ ብላ ነጠላዋን ለበሰች። ሂጂ አልኳትና ለወንድሜ ደወልኩለት፤ «ሚቲንግ ላይ ነኝ፣ ኮል ባክ ላድርግልሽ» አለ። አልደወለም። እናቴም ነጠላዋን አወለቀች።

በማግስቱ እባቡን የእንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድኩት። ሐኪሟ፣ ርጥበት ስላጣ አሮጌው ቆዳው ሳይወልቅ በላዩ ላይ መድረቁን፣ ዓይኖቹም በዚያው ቆዳ እንደተሸፈኑ አሳየችኝ። በእጅሽ እንዳትስቢው፣ ከላጥሽው ዓይኑ ይጠፋል አለችኝ። ማሞቂያ፣ ርጥበትና ትዕግሥት ያስፈልገዋል አለች። ማሞቂያውን ገዛሁ።

ምግቡ በረዶ የሠራ አይጥ ነው። እናቴ እንዳታገኘው በእርጎ ዕቃ አድርጌ ፍሪዘር ውስጥ ከዝንጅብሉና ከነጭ ሽንኩርቱ ኋላ ደበቅኩት። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ «ዝንጅብልሽ ፀጉር አብቅሏል፣ ጣይው» አለችኝ። ለሽሮዋ ልትከትፍ አውጥታው፣ በእጇ ስትዳብሰው ነው ያልወደደችው። ምን እንደነበረ ብነግራት በቤቱ ውስጥ ያለ ድስት ሁሉ ይጣል ነበርና ዝም አልኩ። ይህቺ ናት እንግዲህ ደህና አያለሁ የምትለው።

እንዲህ እየተቃጠልኩ ነበር አንድ ቀን ሳጥኑ ፊት ተንበርክኬ ርጥብ ጨርቅ ስዘረጋ ከኋላዬ የቆመችው።

«ምን ሆኖ ነው እንዲህ የምትለፊለት?»

ዓይን ላይ ለቀረ የእባብ ቆዳ በአማርኛ ምን እንደሚባል አላውቅም። ሳላስብ «ዓይኑ ላይ ሞራ አለበት» አልኳት። ስህተት ነው። ሞራ ከውስጥ ነው፤ የእሱ ከላይ የተጣበቀ ቆዳ ነው። ግን ቃሉ አንዴ ከአፌ ወጥቷል።

«ሁለቱም ላይ?»

«ሁለቱም ላይ።»

«ምን ያያል ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ እማዬ! እባብ ሆኜ አላውቅ!»

«ብርሃንና ጥላ ነው የሚያይ» አለችና ወደ ክፍሏ ሄደች። እኔ ከጨርቁ ጋር ስታገል ነበርና ነገሩን ልብ አላልኩትም።

በማግስቱ ስመለስ የሳጥኑ ወንፊት ክዳን ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። እናቴ የጠበል ጀሪካኗን ይዛ አጠገቡ ተቀምጣለች። በቀን ሦስት ጊዜ፣ በስመ አብ እያለች፣ በወንፊቱ በኩል ትረጭበት ጀመር።

«ዲያብሎስ ነው ስትይ አልነበር እንዴ?» አልኳት።

«ዲያብሎስ ዓይኑን አያመውም» አለች።

መጣላት አማረኝ፤ ግን ምን ብዬ ልጣላ? ሐኪሟ ያዘዘችው ርጥበት ነው፣ እኔ እስከ ማታ ሥራ ላይ ነኝ፣ እናቴ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቤት ናት። ሞኝነቴ ደግሞ «ሐኪሟም አርጥቡት ነው ያለችው» ብዬ መናገሬ ነው።

«ይኸው!» አለች፤ «ሐኪሟ ራሷ ጠበል ካዘዘች እኔን ምን ትጨቀጭቂኛለሽ?»

ወዲያው ስልኳን አነሳች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሦስት ሴቶች በየተራ እያስቆሙኝ፣ የአሜሪካ ዶክተር ለዓይን ሞራ ጠበል ማዘዝ ጀመረች የሚባለው እውነት ነው ወይ አሉኝ። የታማሚውን ማንነት አልነገረቻቸውም።

ሆሳዕና ሲቃረብ ቆዳው ወለቀ። በአንድ ጊዜ፣ እንደ ካልሲ ተገልብጦ፣ ከነጅራቱ። ከሥሩ የወጣው ቆዳ ቡናማና ወርቃማ፣ ዘይት የተቀባ የሚመስል ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ አይጡን ዋጠው፤ ልቤ እስኪጠፋ ደስ አለኝ፣ ደስ በማለቴም ተናደድኩ። እባቦች የምትሰበስበው ሴትዮ ቅዳሜ መጥታ ልትወስደው ቃል ገባች። ግን የቀኝ ዓይኑ ብቻ ነው የጠራው። ግራው እንደ ደፈረሰ ነው።

ለእናቴ ነገርኳት። ነገርኳት ብቻ ሳይሆን፣ ክፋቴ ነው፣ «ታዲያ ግራውን ጠበሉ ምነው ረሳው?» አልኳት። «ነገ ሐኪሟ ጋ ስትወስጂው እኔም እሄዳለሁ» አለች።

ሐኪሟ ዓይኑን በርጥብ ጥጥ ይዛ ትንሽ ቆየች፣ ጥጡን በቀስታ ጠርዙ ላይ አሽከረከረችው፣ ከዚያ በቀጭን መቆንጠጫ አነሳችው። አለቀ። ከዓይኑ ያነሳችውን ጣቷ ጫፍ ላይ አድርጋ አሳየችን፤ የሽንኩርት ስስ ልጣጭ ይመስላል።

እናቴ ልይ አለች። ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ብላ አጎነበሰች። እያጎነበሰች ሄዳ አፍንጫዋ እባቡን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ልጎትታት እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን ደቃቅ ጽሑፍ እንደሚያነብ ሰው ከጅራቱ ጀምራ ቀስ እያለች እስከ ራሱ ተጓዘች።

«ይሄ ነው እንዴ?» አለች። «ክንድ ተኩል እንኳ አይሞላም እኮ! ልጅ ነው!»

ሐኪሟ «ምን አለች?» ብላ ታየኛለች፤ እኔ መተርጎም አቃተኝ። ከወር በላይ አንድ ቤት ውስጥ ኖረዋል። በቀን ሦስት ጊዜ ራሱ ላይ ውሃ ረጭታለች። አንድም ቀን አይታው አታውቅም።

«አመመው ወይ በያት» አለችኝ እናቴ። አላመመውም አለች ሐኪሟ።

«እንግዲያው ለእኔ መቼ ትችላለች?»

«እማዬ፣ እሷ የእንስሳት ሐኪም ናት!»

«ዓይን ዓይን ነው። እጇ ቀላል ነው፤ እሱ እንኳ አልተወራጨም። ጠይቂልኝ እንጂ!»

ፊቴ እየቀላ ጠየቅኩላት። ሐኪሟ አልሳቀችም፤ የሰው ዓይን እንደማታውቅ ረጋ ብላ ነገረቻት። እናቴ ተቀየመች። «ለእባብ ሲሆን ታውቃለች» አለች በሩን ስንወጣ።

መኪና ውስጥ ገብተን እባቡን ከኋላ እንዳስቀመጥኩ ፈነዳሁ። «ዓመት ሙሉ እኔ ስለምንሽ አልሰማ ብለሽ፣ እባብ ሰማሽ!»

«መቼ ለመንሽኝ? ተቆጣሽኝ እንጂ» አለች። ቀበቶዋን ፈልጋ ፈልጋ አጣችው፤ እጇ መቆለፊያውን አልፎ ይሄዳል። «ፈርቼ ነው። ይቺኑ ጭላንጭልም ካጠፏትስ ብዬ ነው። ፊትሽን ካየሁ ክረምቱም በጋውም አልፏል፤ ስትገቢ በኮቴሽ ነው የማውቅሽ። ይሄን ብነግርሽ ደግሞ ትጮኺብኛለሽ።»

ቀበቶዋን አሰርኩላት። እናቴ ወደ እኔ ዞረች፤ በመካከላችን ማርሹ ብቻ ነው ያለው፣ ፀሐዩም ፊቴ ላይ ነበር።

«ዝም አልሽ» አለች። «እየተቆጣሽ ነው ወይስ እያለቀስሽ?»

«እያለቀስኩ ነው።»

«በይ ደውይላቸው» አለች። መኪናውን ሳላስነሳ የዓይን ክሊኒኩ ጋ ደወልኩ።